ባለ ጎማው ቆጥ

ጣሊያን ሞላሌ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ጊዜ እኔ ገና የዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ በተጋባን በአራተኛው ወር ለመንገድ ሥራ ተይዞ ወደ ጣርማ በር ስለተወሰደ፣ ቤቱን የምጋራው ከእናቱና ከአባቱ ጋር ነበር። መንደራችን ከሞላሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ጉብታ ላይ ናት። በአንድ ወገን ወደ ሞላሌ የሚወርድ ቁልቁለት፣ በሌላው ወገን ደግሞ ገደል አለ። በገደሉ ወገብ ላይ ሰፊ ዋሻ ነበር። ወታደር መምጣቱ በተሰማ ቁጥር መንደሩ ተነቅሎ ወደዚያ ዋሻ ይወርዳል።

ከመለማመዳችን የተነሣ ሽሽቱ ሥርዓት ወጥቶለት ነበር። በጎች በገዛ እግራቸው ይሄዳሉ። ገብሱ ቀድሞውኑ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሯል። ሕፃን ይታዘላል፤ በሽተኛ በቃሬዛ ይወጣል፤ ጽላቱን ካህናቱ ይይዛሉ። ዶሮን ግን ያሰበ ሰው አልነበረም። ወታደሮቹ ሲደርሱ ሰው ያጡና ይናደዳሉ፤ ዶሮ ያገኙና ይጽናናሉ። ተመልሰን ስንመጣ፣ ቤታችን ሳይቃጠል ከቆየን፣ ደጃፉ ላባ በላባ ሆኖ ይጠብቀናል።

አማቴ አሥራ አንድ ዶሮና አንድ አውራ ነበሯቸው። መሬቱ የባላቸው ነው፤ በሬዎቹና በጎቹም የባላቸው ናቸው። ዶሮዎቹ ግን የእሳቸው ብቻ ነበሩ። የቤቱ ጨውና በርበሬ የሚገዛው ከእንቁላሉ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ሁዳዴ ላይ፣ «ዛሬስ ላባ አልለቅምም» ብለው ዶሮዎቹን ሁሉ እግራቸውን አስረው ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለራሳቸው አንጠለጠሉ። በገደሉ ቁልቁል ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ እየጮኹና በክንፋቸው ፊታችንን እየመቱ ወረዱ። ዋሻው ስንደርስ ሁለቱ ሞተዋል። ሳይታረዱ ስለሞቱ አይበሉም፤ ቢታረዱም ጾም ነበር። አማቴ ሁለቱን በድን አጠገባቸው አስቀምጠው በወረሩን ሰዎች ላይ ከተናደዱት የበለጠ በራሳቸው ላይ ተናደዱ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እነዚህ ፍጥረቶች የሚሄድ ቤት ያስፈልጋቸዋል። እነሱ ሳይሆኑ ቤታቸው ነው መሸሽ ያለበት።»

በማግሥቱ ቤት እንደገባን ጉዳዩን ለባላቸው ነገሯቸው። የባሌ አባት በደጉ ዘመን የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ዳኝነቱ ከቀረ በኋላም አኳኋኑ አልቀረም፤ ሲቀመጡ ከሳሽና ተከሳሽ ፊታቸው የቆመ ይመስል በርኖሳቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር።

«አገር ተወሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ፣ ስለ ዶሮ ቤት እንምከር?» አሉ። ከዚያም ሁለት ጎረቤቶች አስጠርተው ሦስት ቀን ስለ ዶሮ ቤት መከሩ።

«በድንጋይ ይሠራ» የሚል ነበር የመጀመሪያው ፍርዳቸው።

«የሚሄድ ነው ያልኩዎት» አሉ አማቴ።

«መሄድ ለምን ያስፈልጋል? እኔ ከእንግዲህ ከደጄ አልነቃነቅም። ይምጣና ይግጠመኝ።»

ይህን ሲናገሩ ከዋሻው ከተመለስን አንድ ቀናችን ነው። ወደ ዋሻው ደግሞ ከመንደሩ ሁሉ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ማንም ይህን አላነሣባቸውም።

ከጎረቤቶቹ አንዱ የተወው የንብ ቀፎ ነበረው። «በሁለት በኩል ክፍት ነው፤ በትከሻ ይያዛል፤ ደግሞም ሕይወት ላለው ነገር የተሠራ ነው» ብሎ አመጣው። አራት ዶሮዎች አስገብተን፣ ሁለቱን አፍ በጨርቅ ወትፈን፣ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞርን። ስንከፍተው አንደኛዋ ወደ ፊት፣ ሌላዋ ወደ ኋላ፣ ሁለቱ ደግሞ አንዷ በሌላዋ ላይ ተቀርቅረው ነበር። አሮጌው ሰም ላባቸው ላይ ተጣብቆ ለብዙ ቀን አልለቀቀም። ዶሮዎቹ ከዚያ በኋላ ባለ ቀፎውን ባዩ ቁጥር ይሸሹ ነበር፤ ሰውየውም በዚህ ቅር ተሰኘ።

ከፋሲካ በኋላ አማቴና እኔ ቀየት ገበያ ወጣን። እዚያ ቅርጫት የሚሠራ ሰው ነበር፤ ምላሱ ከጣቶቹ ይበልጥ ይፈጥናል። አማቴ ገብስማዋን ዶሮ በነጠላቸው ሥር ይዘዋት ነበር፤ ሙሽራ ቀሚስ እንደሚለካላት ቅርጫቱን ሊለኩባት።

«እመቤቴ፣ ይቺን ይውሰዱ፤ ባለ ሁለት በር ናት» አለ ሰውየው።

«ሁለት በር ለዶሮ ምን ያደርጋል?»

«አንዱ መግቢያ ነው፤ አንዱ መውጫ።»

«በገባችበት ብትወጣስ?»

«ትወጣለች። ግን ክብሯ አይደለም። እቺ ቅርጫት ውስጥ የገባች ዶሮ እንቁላል በእንቁላል ላይ ነው የምትጥለው።»

«ቅርጫቷ ናት የምታስጥላት?»

«ዶሮ ደስ ሲላት ትጥላለች እመቤቴ።»

«እኛ የምናስገባት ስንሸሽ ነው። ያኔ ምን ደስ ይላታል?»

ሰውየው አፉ ስላልቆመ «እሱ እንደ ዶሮዋ ጠባይ ነው» አለ። ገብስማዋ ገባች፤ በሽመናው ቀዳዳ አንገቷን አውጥታ ገበያውን ማየት ጀመረች። አማቴ ትልቁንና ባለ አንድ በሩን መረጡ። በበዓለ ሃምሳ ወታደር ሲመጣ ዘጠኙን ዶሮና አውራውን አስገብተን እኔ አዘልኩት። ዝናብ ነበር። ከላይ የሰማዩ፣ ከኋላ የዶሮዎቹ ነገር በማጅራቴ ይወርዳል። የገደሉ መካከል ስንደርስ የቅርጫቱ መቀመጫ ረጥቦ ተበጠሰና ሦስት ዶሮዎች ሥር ከነበረው ቁጥቋጦ ላይ ወደቁ። ሁለቱን ያዝናቸው። አንዷን ጭልፊት ዓይናችን እያየ ወሰዳት። አማቴ ጭልፊቱን ቀና ብለው አዩና «አንተስ ቢያንስ ባንዲራ አልሰቀልክም» አሉት።

ባሌ የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። ታሞ ስለነበር ለቀቁት። ደጃፉ ላይ ሲቆም መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ጉንጩ ገብቶ፣ መዳፉ ቆስሎና ጠጥሮ፣ ዕድሜው ካባቱ ጋር የተቀራረበ መስሎ ነበር። ጀርባው ላይ ግን በገመድ ያሰረው ክብ ነገር ነበር።

እናቱ አልቅሰው፣ ስመው፣ ፊቱን ዳብሰው ሲጨርሱ «ይሄ ምንድን ነው?» አሉት።

«ጎማ ነው። ካሪዮላ የሚሉት ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ አለ፤ አፈርና ድንጋይ ይጫንበታል። አንዱ ተሰብሮ ሲጣል ጎማውን አነሣሁት።»

«ከየት ጀምረህ ነው የተሸከምከው?»

«ከጣርማ በር።»

«ስንት ቀን?»

«ሦስት ቀን።»

«ሸክም እንዲያስቀር የተሠራውን ነገር ሦስት ቀን ተሸከምከው!»

እሱ ሳቀ፤ እኔ ለብዙ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስለ መንገድ ሥራው ምንም አይናገርም ነበር። አብረውት ከመንደራችን የሄዱት ሁለት ሰዎች እንዳልተመለሱ እናውቃለን፤ ስንጠይቀው ስለ ጎማው ያወራል። ጎማ እንዴት እንደሚዞር፣ ፍሬን የሚባል ነገር ትልልቁን መኪና እንዴት እንደሚያቆም፣ ገደል አፍ ላይ እንኳ ቀጥ እንደሚያደርግ። እኔም ስለ ጎማ መስማት ወደድኩ፤ ሌላውን እንዲያወራ ማስገደድ አልፈለግኩም።

የዶሮዎቹን ነገር ሲሰማ ዓይኑ በራ። ከሞላሌ ገበያ የጋሌጣ፣ ለጣሊያን ወታደር የሚመጣው ደረቅ ብስኩት፣ ሣጥን ጣውላ ለቅሞ፣ የተጣመመ ሚስማር በድንጋይ አቃንቶ፣ አሥር ቀን ሙሉ ሠራ። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት እግርና ሁለት መያዣ፤ ውስጡ ዶሮዎቹ የሚሰፍሩበት ሁለት አግዳሚ እንጨት፤ ጎኑ ሽቦ፤ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ሲያልቅ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይመስል ነበር። ጣውላው ላይ ያልተፋቀ የጣሊያን ጽሕፈት ነበረበት፤ ማንም ስላላነበበው ለጌጥ ቆጠርነው።

መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ አውድማው ላይ ተሞከረ። ዶሮዎቹ ገቡ፤ ባሌ መያዣውን አነሣ፤ ቆጡ ያለ ድምፅ ሄደ። ዞረ፤ ተመለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። አውድማው በመንደራችን ብቸኛው ደልዳላ መሬት መሆኑን ያን ቀን ያስታወሰ የለም። ሽማግሌው የባሌ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ ድንጋይ ያልኩት እንዲህ ያለውን እስክታስቡ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቡ የእሳቸው ሆነ።

ወሩ ሳይሞላ አንድ ረፋድ ላይ ከሞላሌ በኩል ወታደር እየመጣ ነው ተባለ። ዶሮዎቹን አስገባን። ባሌ መያዣውን ሊያነሣ ሲል አባቱ «ተው፣ እኔ እወስደዋለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር በሌላ እጅ እንዲሄድ አልፈለጉም። ጉብታው አናት ላይ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ ከሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ፣ የሚያልፉት ጎረቤቶች ቆመው አደነቁ። ሽማግሌው ለማብራራት ቆሙ። ሲያብራሩ ደግሞ በርኖሳቸው ከትከሻቸው ሸርተት አለ። በርኖሱን ለማስተካከል ሁለቱንም እጃቸውን ተጠቀሙ።

ቆጡ መጀመሪያ በዝግታ ነበር የሄደው፤ ሐሳቡን ገና ያልወሰነ ይመስል። ከዚያ በሞላሌው ቁልቁለት ተለቀቀ። ባሌ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ተከተለው፤ ፍሬን እንደሌለው ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከታች፣ በግጦሹ ላይ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ባንዳዎችና አንድ ነጭ መኮንን እየወጡ ነበር። የሚንገጫገጭ ነገር ከነጩኸቱ ሲወርድባቸው ሁሉም በደረታቸው ተኙ። አንዱ ተኮሰ። ቆጡ ድንጋይ ገጭቶ ዘለለ፣ ረግረጉን አገኘና እግሮቹ ጭቃው ውስጥ ተተክለው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ አውራ ዶሮው ጮኸ።

እኛ ከድንጋይ ኋላ ሆነን እያየን ነበር። ባሌን ጎትተን አስተኛነው። ወታደሮቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ቀስ ብለው ቀርበው ከበቡት። መኮንኑ ጎንበስ ብሎ በሽቦው ውስጥ አየ፤ ጣውላው ላይ ያለውን ጽሕፈት አነበበና ሳቀ። ከዚያ ቆጡን ከፊት እየገፉ ሁሉም ወደ ሞላሌ ተመለሱ። ያን ቀን አንድም ቤት አልተቃጠለም።

ማታ መንደሩ በሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሽማግሌው በብልሃት መንደሩን አዳኑ አለ። ግማሹ ለጠላት እጅ መንሻ ላኩ አለ። ሽማግሌው ሁለቱንም ሰምተው የመጀመሪያውን ተቀበሉ። አማቴ ግን አልበሉም። «ስምንት ዶሮ» አሉ ወደ ምድጃው እያዩ። «ገብስማዬ ልትታቀፍ ነበር።»

በሚቀጥለው የሞላሌ ገበያ ቀን ለፋፊ ቆሞ፣ ያንን ባለ ጎማ የዶሮ ቤት የላከ ሰው ወደ ምሽጉ መጥቶ ምስጋና ይቀበል አለ። ወሬው ሲደርሰን ሽማግሌው ወገባቸውን አመማቸውና ተኙ። ባሌ ልሂድ ሲል እናቱ ከለከሉት፤ ከመንገድ ሥራው ሳይሻለው መልሰው እንዳያስቀሩት ፈርተው ነው።

«ዶሮዎቹ የኔ ናቸው። እኔ እሄዳለሁ» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ተከተይኝ» አሉኝ።

ተከተልኳቸው። ምሽጉ በር ላይ ፈተሹን፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ አስገቡን። መኮንኑ መቶ አለቃ ነበር፤ ወጣት፣ አፍንጫው በሜንዝ ብርድ የተላጠ። አጠገቡ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ የአማርኛው ለዛ ከሌላ አገር የሆነ አስተርጓሚ ቆሟል።

«ምን ይፈልጋሉ እማማ?» አለ አስተርጓሚው።

«ዶሮዎቼን ይመልስልኝ። ሰው በሽሽት የጣለውን መውሰድ ስርቆት ነው በለው።»

አስተርጓሚው ለስለስ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር ተናገረ። መቶ አለቃው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአማቴ እጅ ነሣ።

«ምን አልከው?» አሉ አማቴ።

«ስጦታዬ በደህና በመድረሱ ደስ ብሎኛል ብለዋል አልኩት።»

«እኔ እንደዚያ አልኩ?»

ሰውየው ፈገግታውን ሳያጠፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ፣ ያሉትን ብነግረው ሦስታችንም ከዚህ በእግራችን አንወጣም።»

አማቴ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ የምትለውን ለእኔም አስቀድመህ ንገረኝ፤ ፊቴን እንዳሳምር» አሉት።

መቶ አለቃው ከኋላ ወደ ነበረው ለምለም መስክ ወሰደን። ቆጡ እዚያ ቆሟል። ሁሉም ዶሮዎች አሉ፤ አውራው ብቻ ጅራቱ በጥይት ተቆርጧል። መቶ አለቃው በየማለዳው ራሱ እየገፋ አዲስ ሣር ላይ እንደሚያቆመው በእጁ አሳየን። በአገሩ ዶሮ አርቢ ነበር መሰለኝ፤ ስለ ዶሮ ሲያወራ እንደ ሰው ነበር። ከዚያ በዱላው መሬት ላይ ሥዕል ጫረ።

«ሦስት ትልልቅ ይሠሩልኝ ነው የሚለው» አለ አስተርጓሚው። «ወለል የሌላቸው።»

«ወለል የሌለው ቤት?»

«ዶሮዎቹ ሣሩን እዚያው እንዲበሉ። በየቀኑ ይነሣና ወደ ሌላ ሣር ይሄዳል።»

«ቤቱ ሲነሣ ዶሮዎቹስ?»

«በእግራቸው አብረው ይሄዳሉ ይላል።»

«ተሰልፈው? እንደ ወታደር?»

ይህን አስተርጓሚው እንዳለ ተረጎመው መሰለኝ፤ መቶ አለቃው እስኪያስነጥሰው ሳቀ። ከዚያ ትልቁን ነገር ተናገረ። ባሌ ቆጦቹን ከሠራ ለመንገድ ሥራ ሁለተኛ አይወሰድም። ለማረጋገጫው ወረቀት ይጻፍለታል። አማቴ ቆጡን አዩ፤ መቶ አለቃውን አዩ፤ «ገብስማዋን አሁን እወስዳለሁ፤ ለወረቀቱ መያዣ» አሉ። በነጠላቸው ሥር ይዘዋት ተመለስን።

ባሌ ግን ለጠላት መሥራት ከበደው። እናቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ይዘውት ሄዱ። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ።

«እዚያ ቤት የሚገቡት ዶሮዎች የማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«ከየመንደሩ የተዘረፉ፣ የእኛው ናቸው።»

«እንግዲያ ለእኛው ዶሮዎች ቤት መሥራት ምን ኃጢአት አለው? ለጣሊያን ቤት አትሥራ።»

በአካባቢው ጫካ የነበሩት አርበኞች ግን እንዲህ በቀላሉ አልተቀበሉም። አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁለት ሆነው መጡ፤ ጠጉራቸው አድጎ፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ለጠላት ዶሮ ተልኳል፣ አሁንም ቤት ሊሠራለት ነው ተብለናል አሉ። ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለስለላ ነው የላክሁት» አሉ።

«ማንን?»

«ቆጡን።»

«እስካሁን ምን ሰለለ?» አለ ታላቁ አርበኛ። ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አማቴ ነገሩን እንዳለ ነገሯቸው፤ በርኖሱንም አልደበቁም። አርበኞቹ በሶ በሉ፤ ለመንገድም ያዙ። ገብስማዋን ግን አማቴ አጠገባቸው አስቀምጠው ስለነበር ማንም እጁን አልዘረጋባትም። ሲወጡ ታላቁ የባሌን ትከሻ ይዞ «ሥራ። ግን ጠላት እንዳይጠቀምበት አድርገህ ሥራ» አለው።

«እንዴት አድርጌ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

ባሌ ሦስቱን ቆጥ ሠራ፤ ወረቀቱንም ተቀበለ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ሽቦው የተወጠረ። ወለል ግን እንደታዘዘው የላቸውም። ችግሩ መስኩ ነበር። ከሩቅ ደልዳላ የሚመስለው ሣር ሲረግጡት ጉብ ጉብ፣ ስርጉድ ስርጉድ ያለ ነው። አንዱ ጠርዝ መሬት ሲነካ ሌላው ጠርዝ በላይ ይቀራል። በየማለዳው አራት ባንዳዎች ቆጡን ሲያነሡ ዶሮዎቹ እንደ ሥዕሉ አብረው መሄድ ትተው በሥሩ ይወጣሉ። ከመስኩ በታች ደግሞ የደረሰ ገብስ አለ፤ ከገብሱ በታች ወንዝ። እኛ ሴቶች ሁለት ሰዓት ተጉዘን ልብስ የምናጥበው እዚያ ወንዝ ሆነ። መንደሩ ያን ሰሞን የነበረውን ያህል ንጹሕ ልብስ ለብሶ አያውቅም።

መቶ አለቃው በየቀኑ ሲጎድልበት ግራ ገባው። አስተርጓሚው «በዚህ አገር ዱካ የማይተው ሽልምጥማጥ አለ» አለው አሉ። ስለዚህ ለዶሮዎቹ ዘብ ቆመ። አርበኛ ለማደን የመጡ ሰዎች ጠመንጃ ወድረው ሽልምጥማጥ ሲጠብቁ ዋሉ። አንድ ቀን አንዱ ቁጥቋጦ ሲነቃነቅ አይቶ ተኮሰና የምሽጉን በቅሎ ጆሮ በሳ። ባሌም ተጠርቶ ቆጦቹን አየ፤ ራሱን ነቀነቀና «እንጨቱ የአገሩን ብርድ እስኪለምድ ነው» አለ። ቆጦቹን እንዲያ የሠራው አውቆ ይሁን ሳያውቅ ዕድሜ ልኬን ጠየቅሁት። ሁልጊዜ «መሬቱ ነው» ይለኛል።

አንድ ጠዋት እኔም አንዲት ነጭ ዶሮ ከገብሱ መካከል ያዝኩ። በቀሚሴና በመቀነቴ መካከል፣ ሆዴ ላይ ደብቄ፣ የታጠበውን ልብስ ተሸክሜ ስወጣ መንገዱ ላይ አንድ ሽማግሌ አስካሪ፣ ጣሊያን ከሌላ አገር ያመጣው ጥቁር ወታደር፣ ቆሟል። ከባሕር ማዶ ይምጣ ከመረብ ማዶ አላውቅም፤ አማርኛው የተሰባበረ ነበር። «ቁሚ» አለኝ። ቆምኩ። ዶሮዋ ተነቃነቀች። ከዚያ፣ በግልጽ፣ ሆዴ ውስጥ ሆና ቀስ ብላ «ቋ» አለች።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ለአርበኛ ስንቅ አቀበልሽ ተብላ እዚያው ምሽግ በር ላይ መገረፏን አይቻለሁ። ሰውየው ሆዴን አየ፤ ፊቴን አየ።

«ሆድሽ ይጮኻል» አለ።

«ርቦኝ ነው» አልኩ።

ፊቱ ላይ ቁጣም ሳቅም አልነበረም፤ የደከመው ሰው ብቻ ይመስል ነበር።

«ሂጂ ብዪ እንግዲህ» አለኝ፤ መንገዱን ለቀቀልኝ።

እስክታጠፍ በዝግታ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን እስኪደክመኝ እየሮጥኩ፣ ሲደክመኝ እየተራመድኩ ደጃችን ደረስኩ። አማቴ ዶሮዋን ከቀሚሴ ሲያወጡ እኔ እያለቀስኩ፣ እየሳቅሁም ነበር። ዶሮዋን ገለባብጠው አዩና የእሳቸው አለመሆኗን ነገሩኝ። የጎረቤታችን የመበለቷ ዶሮ ነበረች። ወዲያውኑ ተነሥተው ወሰዱላት፤ መበለቷም እንቁላል ሰጥታ ሸኘቻቸው። ከእሳቸው ስምንት ዶሮዎች ገብስማዋን ጨምሮ አምስቱ ተመለሱ። አውራውን መቶ አለቃው ለገና በላው ተባለ፤ ጅራት ስላልነበረው አማቴ ብዙም አላዘኑለትም።

ከጊዜ በኋላ ሞላሌ የነበረው ጦር አንድ ሳምንት ውስጥ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። መቶ አለቃው ቆጦቹን ሊወስድ ፈልጎ ነበር አሉ፤ የሚጭነው መኪና ግን ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። እኛ ስንደርስ ምሽጉ ባዶ ነው፤ አስተርጓሚው ብቻ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚሆነውን ይጠብቃል። አርበኞቹ ሊያስሩት ሲሉ አማቴ መካከል ገቡና «ይህ ሰው ሁለት ጊዜ አድኖኛል፤ አንድ ጊዜ ከጣሊያን፣ አንድ ጊዜ ከአፌ» አሉ። ታስሮ ሰነበተ፤ ግን ክፉ አልደረሰበትም። ኋላ ሞላሌ ላይ ጨው ሲነግድ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ከሚፈለገው በላይ ረጅም አድርጎ ይመልስ ነበር።

ሽማግሌው በየድግሱ የቆጡን ነገር ይናገሩ ነበር። በየዓመቱ ቁልቁለቱ እየረዘመ፣ ባንዳው እየበዛ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሁለት መቶ ሰው ነበር በደረቱ የተኛው። በርኖሱ ግን ከታሪኩ ወጥቶ ነበር። አማቴ አጠገባቸው ተቀምጠው ገብስ እየለቀሙ ያዳምጣሉ፤ አንድም ቀን አላረሟቸውም። አንድ ጊዜ ለምን ዝም እንደሚሉ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ያን ቀን መንደሩ አልተቃጠለም። ሲደሰቱበት ይኑሩ» አሉኝ።

በባሌ እጅ የገባው ሙያ አልወጣም። የቤተ ክርስቲያኑን በርና መስኮት እንደገና የሠራው እሱ ነው። ሰላም ከሆነ በኋላ ከቀየትም ከሌላም አገር የሚመጡ ሴቶች ያንን የሚሄድ የዶሮ ቤት እንዲሠራላቸው ይጠይቁት ነበር። እሱ ጣውላውን ከመለካቱ በፊት አማቴ ሴቶቹን ተቀብለው፣ ጠላ ቀድተው፣ ጥያቄ ይጠይቋቸዋል። ግቢያችሁ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ? የሚገፋው ማን ነው? ጭልፊት አለ? ዝናቡ ከየት በኩል ይመታል? ብዙዎቹ ጥያቄው ሲበዛባቸው ዶሮዎቻቸውን ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ማሳደሩ እንደሚሻል አምነው ይመለሳሉ። ባሌ እናቱን ገበያዬን ዘጋሽብኝ ብሎ ያጉረመርማል፤ እሳቸው ደግሞ የተረፈውን ጠላ ለእሱ ይቀዱለታል።